ሰርቮ አውላቂው አማች

በዚህ አገር መካኒክ ያልሆነ ወንድ የለም... ኮፈን እስኪከፈት ድረስ! መኪና መንገድ ላይ ተበላሽታ ስትቆም ዙሪያዋን የሚከቡትን ወንዶች ልብ ብላችሁ እዩ። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል። ሌላው «ነዳጅ አልመጣላትም» ይላል። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይናገር ጎማውን በጫማው መታ መታ ያደርግና በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ጎማ በመምታት ብቻ ተወስኜ ብኖር ኖሮ ዛሬ ይቺን ወግ ባላነበባችሁ ነበር።

እኔ እዚሁ ሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ምሕረት ነርስ ናት። መኪናችን ደግሞ ከምሕረትም ከእኔም በዕድሜ የምትበልጥ፣ ድሮ ነጭ እንደነበረች የሚነገርላት አሮጊት ናት። ያን ሰሞን የምሕረት ታናሽ እህት ልትዳር ነበር። ሠርጉ እሑድ፣ እናታቸው ቤት ጉኑኖ ነው። ሙሽራዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳት የእኔ መኪና እንደሆነ አማቴ ለአገር ምድሩ ተናግረዋል። ማን ቃል ገባላቸው? እኔው ራሴ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ...

ሐሙስ ዕለት፣ ለሠርጉ ጥሪ መጥተው እኛ ቤት ያረፉትን አማቴን ይዤ ሁምቦ ያሉትን ዘመዶች ልንጠራ ወረድን። «ወረድን» ስል ቃሏን በደንብ ያዙልኝ፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ድንጋይ! ደግሜ ረገጥኩ። የግድግዳ መሠረት የረገጥኩ መሰለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ መኪናው ፈጥናለች እኮ!» አሉ አማቴ ከኋላ።

«ቁልቁለት ስለሆነ ነው እማማ።»

«ቁልቁለቱን አየሁት። አንተም አይተሃል ወይ?»

በሁለት እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆምኩበት። ማርሽ ቀነስኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አማቴ «ታ ጎዳው! ታ ጎዳው!» ማለት ጀመሩ። በወላይትኛ «ጌታዬ! ጌታዬ!» ማለት ነው። እኔን እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። በኮፈንና በከፈን መካከል ያለችው ልዩነት የአንዲት ፊደል ቅጥያ ብቻ እንደሆነች ያን ጊዜ ነው የታየኝ! መኪናዋ እያቃሰተች ሄዳ ሄዳ፣ የበቆሎ አገዳ ከጫነ ጋሪ ኋላ፣ አገዳውን በአፍንጫዋ ነክታ ቆመች። ጋሪውን የምትጎትተው አህያ ዞር ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ከርእሰ መምህሬ እንኳ ደርሶብኝ አያውቅም።

አማቴ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«መንዳት ታውቃለህ» አሉኝ። «ማቆም ነው ያልተማርከው።»

ይቺ አባባል ሁምቦ ውስጥ ከሠርጉ ጥሪ ቀድማ በየቤቱ ደረሰች።

እንደ ኤሊ እየተሳብን ሶዶ ተመለስን። የማውቀው መካኒክ ዘንድ ስደውል «ጋራዡ ሙሉ ነው መምህር፣ ሰኞ አምጣት» አለኝ። ሰኞ ሙሽራዋ ካገባች በኋላ ነው! ይህን ራት ላይ ስናገር አማቴ በእርጋታ «ታዲያ ከጎረቤት መኪና እንለምናለን» አሉ። ሲሉት እንኳ በክፋት አልነበረም። እኔ ግን «እንለምናለን» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረች።

«ማንንም አንለምንም። ራሴ እሠራታለሁ!»

ምሕረት ጉርሻዋን አፏ ጋ አድርሳ አቆመችው። «ምን አልክ?»

«ቀላል ነገር ነው።»

«አምፖል መቀየርም ቀላል ነው ብለህ ነበር።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና ስልኬን ይዤ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ሰውዬው እንደሚለው ፔዳል እንዲህ ሲደርቅ የሚጠረጠረው ሰርቮው ነው። ሰርቮ ማለት ከሞተሩ ኋላ የተለጠፈ፣ ድስት የሚያክል ጥቁር ክብ ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ በአንዲት ቱቦ አየሩን ይመጥለታል፤ በዚያ ባዶነት ኃይል የእግራችሁን ጉልበት ያግዛል። ባዶነት! ቫክዩም! ይህንንማ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ የማስተምረው እኔ አይደለሁም? ደረቴ በኩራት ተነፋ። ቪዲዮው ቀጠለ፤ «ሰርቮውን ከመፍታታችሁ በፊት ግን በቅድሚያ...» ሲል ኔትወርኩ ጠፋ።

በቅድሚያ ምን? በቅድሚያ እጃችሁን ታጠቡ ሊል ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍና ፒንሳ ተውሼ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቱቦዋን ነቅዬ ወደ ጎን ወረወርኳት። ቀጥሎ ከሰርቮው ፊት የተጣበቀውን፣ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን፣ ማስተር የሚባለውን ዕቃ ፈትቼ ገለል አደረግኩ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ «ምሕረት! ማስተሩን ጨረስኩ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ጎሽ!» አለች ከወጥ ቤት። «ለዩኒቨርሲቲው ንገራቸው፤ እነሱ ያቋረጥክ መስሏቸዋል።»

ፈተናው ግን ገና ነበር። ሰርቮውን የያዙት አራት ዳዶዎች ያሉት መኪናዋ ውስጥ፣ ከፔዳሉ በላይ፣ ሰው በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ነው። የሠራት ሰው ዳዶዎቹን እዚያ ሲያስር ልጅ ሆኖ መሆን አለበት! ጀርባዬን ወንበሩ ሥር አስተኛሁ፣ ራሴን ከፔዳሉ ሥር ከተትኩ፣ እግሮቼን በበሩ ወደ ውጭ ሰደድኩ። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ መብራት አበራሁ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው እግሬን ብቻ ሆነ።

ጎረቤታችን ጋሽ ጢሞቴዎስ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ እግሬን ሰላም አሉት።

«መምህር፣ ደህና አደሩ?»

«ኧኧኧ» አልኩ። ስልኩ አፌ ውስጥ ነው።

«ምሕረት! ኧረ ነይ፣ ይሄ ሰውዬ ያቃስታል!»

ምሕረት እየሮጠች መጣች። አማቴም ተከትለው መጡ። ለመውጣት ብሞክር ቀበቶዬ ከማርሹ ዘንግ ጋር ተቆላልፏል፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የለም። አማቴ አንዱን እግሬን፣ ጋሽ ጢሞቴዎስ ሌላውን ይዘው ጎተቱኝ። እናንተዬ... አማት እግር ይዛ ስትጎትት ሰው ምን ያህል ክብር ይተርፈዋል?

ተመልሼ ገብቼ ሦስቱን ዳዶ እንደምንም ፈታሁ። አራተኛው እጄን ጨርሶ አላስገባ አለ። በመጨረሻ ምሕረት ገፋ አደረገችኝና «ልየው» አለች። የሕፃን ደም ሥር ዳስሳ የምታገኝ እጅ ናት፤ አስገብታ ዳሰሰች፣ ቁልፉን አቀበልኳት፣ ዳዶው ተፈታ። ሰርቮው ወጣ!

አንበሳ እንደገደለ ሰው ከፍ አድርጌ ግቢውን ዞርኩበት። አማቴ ቀረብ ብለው አገላብጠው አዩት።

«የታመመው ይሄ ነው?»

«አዎ እማማ!»

«ምኑን ነው የታመመችው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። መምህር ደግሞ ጥያቄ አይፈራም። ሰርቮው የሚያፈስ ከሆነ አየር ቢመጠጥለት መያዝ አይችልም ብዬ በሳይንሳዊ መንገድ አብራራሁ። ከዚያም ለማሳየት ሰርቮው ላይ ቱቦዋ የምትገባበትን ቀዳዳ በጨርቅ ወልውዬ በአፌ ገጥሜ መጠጥኩት። ሰርቮው አየሩን ያዘ። አየሩን ብቻ አይደለም፣ ከንፈሬንም ያዘው! ስስበው ይሳባል እንጂ አይለቅም። ከብዙ ትግል በኋላ «ጷ!» ብሎ ሲለቀኝ ከንፈሬ የንብ መንጋ የጎበኘው መስሏል።

ሰርቮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የሚያፈስ ሰርቮ ከንፈር አይዝም። ያወጣሁት ፍጹም ጤነኛ ነው!

ምሕረት ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና የወረወርኳትን ቱቦ አነሳች። ጫፏ አካባቢ ተሰንጥቃለች። በስንጥቁ ጣቷን አሳልፋ አሳየችኝ። አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነበር።

«እኛ ጋ» አለች፣ «መጀመሪያ እንመረምራለን። ከዚያ ነው የሚቆረጠው።»

«በቅድሚያ...» አልኩ በተነፋው ከንፈሬ።

የተሰነጠቀውን ጫፍ ምሕረት በመቀስ ቆረጠችው። የቀረው ቱቦ በደንብ ይደርስ ነበር። ሥራው ይኼው ነበር እንግዲህ፤ መቀስ! ጤነኛውን ሰርቮ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን እኔም እሷም እየተፈራረቅን እስከ ማታ ወገባችን ተቆረጠ። ስንጨርስ ሞተሩን አስነስቼ ፍሬኑን ስረግጠው ፔዳሉ እንደ ቅቤ ወረደ። ከግቢው እስከ አስፋልቱ እየሄድኩ እየቆምኩ፣ እየሄድኩ እየቆምኩ ሞከርኳት። ጋሽ ጢሞቴዎስ «አሁን ደግሞ መሄድ እምቢ አለች?» ብለው አዘኑልኝ።

እሑድ ጉኑኖ ላይ ሙሽራዋን በሰላም አደረስኳት። መኪናዋ በእልልታው መካከል፣ ሕዝቡ ፊት፣ ሳትንገጫገጭ ቀጥ ብላ ቆመች። ከንፈሬ ብቻ በየፎቶው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል።

ምሳ ላይ አማቴ እንግዶቹ መካከል ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ ስንጥቋ ቱቦ አንዲት ቃል አላነሱም። «መኪናውን ፈትቶ፣ ሆድዋን አውጥቶ፣ መልሶ ገጠማት!» ይላሉ። ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኛል። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ በትሕትና አንገቴን ደፋሁ።

ትንሽ ቆይቶ የሙሽራው አጎት መጡ። ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሞተሩ ከአርብ ጀምሮ አልነሳም ብሏል።

«መምህር፣ እዚሁ ቅርብ ነው። እስቲ አንዴ ቢያዩልኝ...»

ምሕረት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። «እምቢ በል» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ወፍጮ ከውስጥ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ የማውቀው ዱቄቱን ብቻ ነው።

አማቴ ግን ቀደሙኝ። «ለልጄ ቀላል ነው» አሉ።

ልጄ! ከተጋባን ጀምሮ «የምሕረት ባል» እንጂ ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም።

ኮቴን አውልቄ ለምሕረት አቀበልኳትና አጎትየውን «ይምሩኝ» አልኳቸው።