የታሙል ግብዣና ሦስት ጣት

እስቲ የቦጋራምን አፍ ተመልከቱ። ደም የጠጣ ነው የሚመስለው፤ ታሙል የሚሉትን ፍሬ በቅጠልና በኖራ ጠቅልሎ ሠላሳ ዓመት ያኘከ አፍ ነው። ዛሬ የልጁን ሠርግ ሊጠራ ታሙሉን በናስ ሳህን ይዞ፣ በወንድሙ ልጅ በዲምቤ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። በአገራቸው በናልባሪ ፍሬውን ያልተቀበለ ሰው ግብዣውንም እንዳልተቀበለ ይቆጠራል። ዲምቤ ደግሞ አልወስድም ብሏል።

ቦጋራም፦ ታዲያ ልጄን ናቅሃት ማለት ነው።

ዲምቤ፦ ኧረ አጎቴ፣ ሠርጉንማ እመጣለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት ታሙል ተው ያለችኝ።

ቦጋራም፦ እሷ ምን ታውቃለች? ታሙል ጥርስ ያጠነክራል። (የፊት ጥርሶቹ የሉም።)

ዲምቤ፦ የትኛውን ጥርስ?

ቦጋራም፦ የቀረውን።

ዲምቤ፦ ሦስት ጣት ገጥመህ፣ አቁመህ አፍ ውስጥ አስገባ አለችኝ። አስገባሁ። በጥፊ አጮለችኝ።

ቦጋራም፦ ለምን?

ዲምቤ፦ የማን አፍ እንደሆነ አልነገረችኝማ።

(ቦጋራም ሊስቅ ይሞክራል፤ ሳቁ በጠባቡ አፉ ሾልኮ ይወጣል።)

ቦጋራም፦ አንተ ጅል፣ የራስህን ነዋ።

ዲምቤ፦ በኋላ ገባኝ። የኔው ሁለት ተኩል ያስገባል።

ከዚያ ነርሷ ያለችውን ሁሉ ዘረዘረለት፦ ታሙል ጉንጭን ያደርቃል፣ አፍ እየጠበበ ሄዶ ሦስት ጣት አላስገባ ይላል፣ በርበሬ መቋቋም ያቅታል፣ አንዳንዱም ካንሰር ይሆናል። በርበሬ ሲባል ቦጋራም ማኘኩን አቆመ። ወጡ ባቃጠለው ቁጥር ሚስቱን ሲሳደብ ነው ዓመቱን የጨረሰው፤ አሁን የሚበላው ሩዝ በወተት ብቻ ነው።

ቦጋራም፦ ሦስት ጣት ማንም ጅል ያስገባል። እየኝ። (ጣቶቹን አቁሞ ይገፋል። አንዷ ገባች። ሁለተኛዋ ከበር ተመለሰች።) ጣቴ ወፍሮ ነው።

ዲምቤ፦ በኔ ልሞክርልዎ?

ቦጋራም፦ እንዳትነካኝ። (ትንሿን ጣት ይጨምርባታል። እሷም አልገባችም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዲምቤ፣ በልጄ ሠርግ ምን ልበላ ነው?

(ዲምቤ ከሳህኑ አንድ ፍሬ አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያቀርብለታል።)

ዲምቤ፦ አጎቴ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንዲገኙልኝ።

ቦጋራም፦ ታሙል አልፈልግም።

ዲምቤ፦ ታዲያ ነርሷን ናቋት ማለት ነው።

(ቦጋራም ፍሬውን ተቀብሎ ኪሱ ይከተዋል።)

ዲምቤ፦ ኪስም ይሆናል እንዴ? በሉ የሠርጉንም ታሙል ለኔ ኪስ ይስጡኝ።

አንተም አንባቢ፣ የምታኝከው ካለ አሁኑኑ ትፋውና ሦስት ጣትህን አቁመህ ሞክር። ካልገባ ከማንም ጋር አትከራከር፤ ሂድና ታይ። ደግሞ አደራ፣ የራስህን አፍ።