በር ላይ የሚታደለው ነገር

[የሠርግ አዳራሽ የኋላ ክፍል፣ ጠዋት። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ቅርጫት አለ፤ በስስ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው በሪባን የታሰሩ ትንንሽ ነገሮች ሞልተውታል። ሙሽራው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የቀሩትን ሪባኖች ያስራል። የሙሽሪት አጎት ዕድሜ ልኩን የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።]

አጎት፦ አይሆንም አልኩ አይሆንም! ይሄ ቅርጫት ከዚህ ክፍል አይወጣም።

ሙሽራው፦ በሩ ይጠበዋል እንዴ ጋሼ?

አጎት፦ የምን በር! ሐሳቡ ነው እንጂ። ሰውየው ተጠርቶ መጣ፤ በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። ደክሞት ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል በር ላይ ጠብቀህ «እንካ ተሸከም» ትለዋለህ? ምን በደለህ?

ሙሽራው፦ ማስታወሻ ነው እኮ። እንዳይረሱን።

አጎት፦ ማን ነው አንተን የሚረሳህ? እኔ ካወቅኩህ ቀን ጀምሮ ልረሳህ ብሞክር አቃተኝ።

ሙሽራው፦ [ደስ ብሎት] እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

አጎት፦ ስማኝ። እኔ ስንትና ስንት ሠርገኛ በአውቶቡሴ የጫንኩ ሰው ነኝ። በማግስቱ ስጠርግ ከወንበር ሥር የማወጣው ምን መሰለህ? ይሄንኑ! ሻማው፣ የቁልፍ መያዣው፣ የሙሽሮች ስም የተጻፈበት ማበጠሪያ! ሰው ከሠርግ ይዞት የሚሄደው ትዝታ ነው። በቃ!

ሙሽራው፦ እሺ፣ እሱንስ በምን እንጠቅልለው?

አጎት፦ ምኑን?

ሙሽራው፦ ትዝታውን።

አጎት፦ [ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ] እህቴ፣ ነፍስሽን ይማረውና፣ ልጅሽን ለማን እንደምድርልሽ እያየሽ ነው?

ሙሽራው፦ ጋሼ፣ ይሄ ከቀረ እኮ ሙሽሪት ይከፋታል።

አጎት፦ አይከፋትም! እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ፣ ጠባይዋን የማውቀው እኔ። እሷ እንዲህ ያለ ኮተት አትወድም፤ ያንተ ሐሳብ ነው። [ከቅርጫቱ አንዱን አንስቶ ሪባኑን ይፈታል።] እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሎሚ ሎሚ የሚል… ከረሜላ! ሽበት ላወጣ ሰው ከረሜላ!

ሙሽራው፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ…

አጎት፦ አታቋርጠኝ!

ሙሽራው፦ አይ፣ እሱ ግን…

አጎት፦ ስለ ከረሜላ ልታስተምረኝ ነው? እኔ መሪ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ከረሜላ ስመጥጥ ነው ያረጀሁት። አንዴ ከነከስኩት ስኳሩን ከየት እንዳመጡት ሁሉ እነግርሃለሁ። [እንዳለ አፉ ውስጥ ይከተውና ይነክሳል። ፊቱ ይለዋወጣል።]

ሙሽራው፦ እንዴት ነው?

አጎት፦ [ቀስ ብሎ] …ጥሩ ነው።

ሙሽራው፦ ከረሜላ ነው?

አጎት፦ ነው አልኩህ እኮ! እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ሙሽራው፦ ተመስገን! እኔኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።

አጎት፦ ምን… ምን መስሎህ ነበር?

ሙሽራው፦ ይተዉት፣ ይስቁብኛል። ምነው ጋሼ፣ እንባዎ መጣሳ?

አጎት፦ [እንደ ምንም እየዋጠ] እህቴ ትዝ ብላኝ ነው።

ሙሽራው፦ ይሄን ሲቀምሱ?

አጎት፦ አዎ! ይሄን ስቀምስ!

ሙሽራው፦ አዩ! ማስታወሻው ሠራ ማለት ነው።

[አጎት ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ትንሽ አረፋ ብቅ ይላል። ቶሎ ይዘጋዋል። ሙሽራው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ይለጥፋል።]

ሙሽራው፦ ሄሎ፣ እማዬ? ሁለተኛው ቅርጫት አንቺ ጋ ነው አይደል? ስሚ፣ ለካ ከረሜላ ነው! …ጋሼ ቀምሰው አረጋገጡ። …እሺ ልጠይቃቸው። ጋሼ፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥርስ የላቸውም፤ ይመጠጣል ወይስ ይታኘካል?

አጎት፦ [ከንፈሩን ሳይከፍት] እምም።

ሙሽራው፦ ሁለቱም ይሆናል ብለዋል። …እንዴት አታምኚም? ጋሼ፣ እማዬ አላመነችም። አንድ ይድገሙና ሲቆረጠም ልስማው ትላለች።

አጎት፦ ጠግቤያለሁ በላት።

ሙሽራው፦ ጠግቤያለሁ አሉ። …እማዬ፣ እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ሳይቀምሱ ነው የሚያወሩት እያለች ነው ጋሼ።

[የአጎት ዐይን ይቀላል። ሌላ ይፈታና ስልኩ አጠገብ ቆርጠም አድርጎ ይነክሳል። ግድግዳውን ይደገፋል።]

ሙሽራው፦ ሰማሽ? …አዎ፣ ስጫቸው። ሕፃናቱን አሰልፊያቸው። ማን? የጋሼ የልጅ ልጅ በሁለት እጁ ይዟል? ጎሽ! ይብላ፣ ይብላ!

አጎት፦ [ጠረጴዛውን ደብድቦ፣ አረፋውን እየረጨ] ሳሙና ነው! አስጥዪው በላት! ሳሙና ነው!

ሙሽራው፦ ሳሙና? ታዲያ ምነው ከረሜላ ነው አሉኝ?

አጎት፦ አንዴ ብያለሁዋ! ካልኩ በኋላ በምን አፌ ልመልሰው?

ሙሽራው፦ ሁለተኛውንስ?

አጎት፦ ሁለተኛውንማ እናትህን አፏን ላስይዛት ብዬ ነው። ደግሞ የማን ጭንቅላት ነው ለሠርገኛ ሳሙና የሚያድለው? እጃቸው ቆሻሻ ነው ለማለት ነው?

ሙሽራው፦ እሷ ናት የሠራችው ጋሼ።

አጎት፦ ማን?

ሙሽራው፦ የእህትዎ ልጅ። ከሥራ ስትመለስ ኩሽና ገብታ፣ የሎሚውን ልጣጭ ራሷ እየፈቀፈቀች። እማማ እንዲህ ነበር የምትሠራው አለችኝ። «ከሠርጌ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲታጠብ እጁ እናቴን እናቴን ይሽተት» አለች። እርስዎን ልታስደንቅ ፈልጋ ነው እንዳትነግራቸው ያለችኝ።

[አጎት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል፤ ደግሞ ያሸታል።]

አጎት፦ …እሷ ናት። ቤት ስገባ በሩ ላይ የሚቀበለኝ ይሄ ሽታ ነበር። አፌ ሲቃጠል ልብ አላልኩትም። [አፍንጫውን ይጠርጋል።] በል ስልኩን አምጣ፤ እናትህን እኔው ላናግራት። ሄሎ! …ሄሎ! [ስልኩን ያገላብጠዋል።] ይሄ ነገር ጠፍቷል እኮ።

ሙሽራው፦ አዎ፣ ቻርጅ ሳላደርገው ነው ያደርኩት።

አጎት፦ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር?

ሙሽራው፦ ከትናንት ጀምሮ።

አጎት፦ እናትህስ?

ሙሽራው፦ ፀጉር ቤት ናት።

አጎት፦ ሁለተኛው ቅርጫትስ?

ሙሽራው፦ ቅርጫቱ ይሄው አንድ ነው ጋሼ።

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ ያንን ሁለተኛ ሳሙና የበላሁት ማን እየሰማኝ ነው?

ሙሽራው፦ [አንገቱን ደፍቶ] የመጀመሪያውን ልነግርዎ ብል አታቋርጠኝ አሉኝ። ሁለተኛውን ይብሉ ስል እውነቱን ራስዎ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። ሕፃን ልጅ እስክጠራ ይደርሳሉ ብዬ መች ጠረጠርኩ?

አጎት፦ እኔ ደግሞ «ቂል ነው የምታገባው» እያልኩ ለዘመድ ሁሉ…

ሙሽራው፦ ሰምቻለሁ ጋሼ።

[አጎት ሊቆጣ ይነሣል። ግን ሳቁ ይቀድመዋል፤ ከሳቁ ጋር አረፋ ይወጣል። ሙሽራው መሐረቡን ያቀብለዋል።]

ሙሽራው፦ ውሃ ላምጣ?

አጎት፦ ውሃማ ያባብሰዋል! [ቅርጫቱን አቅፎ ያነሣል።] በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ። በእጃቸው እያስያዝኩ፣ እህቴ ትሠራው የነበረ ነው፣ ልጇ ናት የሠራችው፣ እንዳትበሉት እላለሁ።

ሙሽራው፦ ማን ሳሙና ይበላል ብለው ቢስቁብዎትስ?

አጎት፦ አንድ ቂል ሲበላ አይቻለሁ እላለኋ።

ሙሽራው፦ ማን ነው እሱ ቢሉስ?

አጎት፦ የሙሽራው ዘመድ ነው እላቸዋለሁ!

ሙሽራው፦ [በሩን ከፍቶለት] እሱስ ከዛሬ ጀምሮ እውነትዎን ነው ጋሼ።