ጽፎ ዝም የሚል ጸሐፊ

እኔ መቼም ዝም ተብሎ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኛ ከተማ ትክል ድንጋይ ላይ ገበጣ ሲጫወቱ ከተጫዋቹ ይልቅ ተመልካቹ ነው የሚያልበው። ጎንደር የልጆች ቼዝ ውድድር ላይ ግን ዝንብ እንኳ ክንፏን አጥፋ በእግሯ ነው የምትገባ።

የወሰደችኝ የእህቴ ልጅ ስንዱ ናት። ሸጋ ልጅ ናት። ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራ፣ ሳምንት ሲቀረው ከአጥር ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው። ጠጠሩንስ በግራዋ ታንቀሳቅሳለች፤ ችግሩ ሕጉ ነው። ተጫዋቹ የሄደውን ሁሉ መጻፍ አለበት። ሰው ይጻፍላት እንዳይባል፣ አብሯት የመጣሁት እኔ ነኝ። እኔና ፊደል ደግሞ እንደ ተጣላ ጎረቤት ከሩቅ ነው የምንተያይ።

ዳኛዋ፣ ደግ ወጣት ናት፣ የእጅ ስልክ የምታህል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አመጣችላት። መስታወቷን በጣት ነካ ሲያደርጓት ጨዋታውን ትመዘግባለች። የስንዱ ፊት በራ።

አያ ይርጋ ግን ተነሡ። ከስንዱ ጋር የሚጋጠመውን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከአዘዞ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። "ይች ነገር ልጅቱን ትመክራታለች" አሉ። ዳኛዋ ከመጻፍ በቀር ሌላ አታውቅም ብትላቸው፣ "ምነው ልጄ፣ ጽፎ ዝም የሚል ጸሐፊ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሂጂና እያቸው፤ ከጽሑፋቸው ምክራቸው ይበዛል" አሏት። እዚህ ላይስ አልተሳሳቱም። የሌሎቹ ልጆች ወላጆችም አጉረመረሙ። መሣሪያዋ ከተከለከለች ስንዱ ሳትጫወት ወደ ቤቷ ናት።

"እንግዲያው ትፈተን" አሉ አያ ይርጋ። "ከዚህ ሁሉ ሰው የለየለትን መሃይም አምጡና መሣሪያዋን ይዞ ከኔ ጋር ይጫወት። ካሸነፈኝ መክራዋለች ማለት ነው።"

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በምን እንዳወቁኝ እንጃ።

ተቀመጥሁ። የጠጠሩን አካሄድ ስንዱ አስተምራኛለች፤ መሸነፍን ደግሞ ማንም አላስተማረኝ፣ አብሮኝ የተወለደ ነው። ስለዚህ አልሰጋሁም። ጠጠር ባነሣሁ ቁጥር መሣሪያዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ነካ አደርጋታለሁ። አያ ይርጋ ታዲያ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቅል አሉ። ስታንሾካሹክ ሊይዟት ጆሯቸውን ሁሉ አስጠጉላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ንጉሣቸው እንደ ባለቤት አልባ ማሳ ክፍት ቀረ። ፈረሴ ገብቶ ጋጠው።

"አያ፣ ተሸንፈዋል" አለች ዳኛዋ።

ስንዱ ክው አለች። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ባሸንፍ የእህቴን ልጅ ላስባርር ነው።

"አላልሁም?" አሉ አያ ይርጋ። ተሸንፎ እንደሳቸው የተደሰተ ሰው አላየሁም። ዳኛዋ መሣሪያዋን አንሥታ አገላበጠቻትና ሳቋ አመለጣት። ለካ መሣሪያዋ ከመጀመሪያው አልተከፈተችም። እኔ መስታወቷ ጠቁሮ ሳየው መሣሪያዋ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። "አያ፣ ያልበራ ዕቃ በምን አፉ ይመክራል?" አለቻቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ ስንዱም ተፈቀደላት።

አያ ይርጋ ግን ጨዋታው ሳይጀመር የልጅ ልጃቸውን ጠሩና፣ "እኔን የጣለኝ መሣሪያዋን ማየቴ ነው። አንተ ሰሌዳህን ብቻ እይ" አሉት። ልጁም ሰሌዳውን ብቻ አየ። ስንዱ ተሸነፈች።

በሚኒባስ ወደ ትክል ድንጋይ ተመለስን። ስንወርድ ስንዱ፣ "ምክርማ ነበረ አጎቴ" አለችኝ። "ብቻ ከመሣሪያዋ ሳይሆን ካንተ ድል፣ ለኔም ሳይሆን ለእነ አያ ይርጋ።"