የፈረንጅ ክረምት እና የሽማግሌዎቼ ሱሪ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ "ይሄ ልጅ ፈጠራ ጀመረ" ትላላችሁ። ወላሂ አልፈጠርኩም!

ዛሬ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ከደሴ ሐርቡ ድረስ፣ ዘሃራ ቤት። አጎቴ አያ ሰይድና ሁለት ጎረቤቶቻችን።

ደርቀው ወጡ። ረጥበው ደረሱ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አያ ሰይድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ቤት-መኪና ገዝተዋል። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ የእጅ መታጠቢያ አላት፣ ከኋላ መቀመጫው ስር ደግሞ የራሷ የውሃ ታንከርና ቱቦ። ፈረንጁ የአያያዟን ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ትቷል። በቤተሰቡ "ኢንግሊሽ የሚችለው" እኔ ነኝ።

አልችልም።

ወረቀቱ "ከዊንተር በፊት ውሃውን ከታንከሩም ከቱቦውም አፍስሱ" ይላል። ዊንተር ምንድነው? ክረምት! አራተኛ ክፍል የተማርነው ነው እኮ!

ስለዚህ ሰኔ ላይ አፈሰስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ የዝናብ ውሃ በበርሜል ሲያጠራቅም እኔ እደፋለሁ። "ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?" ያለኝም ነበር። እኔም ግራ ገብቶኛል። ግን ወረቀት ላይ ተጽፏላ!

ክረምቱ አለፈ። ታህሳስ ገባ። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ዉዱእ የሚያደርጉበት ይኑር ብዬ ትናንት ታንከሩን ሞላሁት። ወረቀቱ "በክሎሪን አጽዱ፣ አሳድሩት፣ በደንብ አለቅልቁት" ይላል። ክሎሪን ያው በረኪና ነው። ስንት ይጨመር? ቁጥሩ አልገባኝም።

አንድ ሙሉ ጠርሙስ ገለበጥኩበት።

ጠዋት ላለቅልቅ ቧንቧውን ብከፍተው ጠብ የሚል የለም። "በቃ፣ ፈሶ አልቋል" አልኩ።

አላለቀም! በጦሳ ተራራ ውርጭ ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኗል!

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፣ አውቃለሁ። ግን መኪናዋን ከእኔ በቀር የሚነዳት የለም። ደሴን ለቀን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሙቀት ጀመረ። አያ ሰይድ ከኋላ አሸተቱ።

"ምን ምን ይላል? ሆስፒታል ሆስፒታል።"

"ንጽህና ነው አያ!"

ሐርቡ ሲወርዱ አየሁ። የሦስት ጥቁር ሱሪ መቀመጫ። እርጥብ። በዚያ ላይ ቀለሙ እየለቀቀ፣ ዝንጉርጉር!

የዘሃራ አባት በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ፤ የቀረውን አያ ሰይድ ናቸው የነገሩኝ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ገቡ። "ተቀመጡ እንጂ" ሲባሉ አያ ሰይድ ቶሎ ብለው "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም!" አሉ።

የዘሃራ አባት መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ማሻአላህ! እንዲህ ያለ አደብ ቀርቷል ብዬ ነበር።"

እሺ አሉ! ሰጡኝ!

ሽማግሌዎቹ ሲወጡም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ የኋሊት እየተራመዱ ወጡ። እሱም አክብሮት ተባለ።

ስንመለስ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ከስር ገብቶ የተሰነጠቀውን ቱቦ አየ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"የፈረንጅ ዊንተር እኮ ብርዱ ነው፣ የኛ ታህሳስ! ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጥና ቱቦውን ይሰነጥቀዋል፤ ሲቀልጥ ደግሞ መቀመጫውን ያርሰዋል። አፍስሱ ያለው ለዚህ ነው።"

እኔ ለዝናቡ አፍስሼ፣ ለውርጩ ሞላሁት ማለት ነው። አያ ሰይድ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሚስት አግኝተንልሃል። ከእንግዲህ ወረቀት እንዳታነብ።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አሁን ዘሃራ ደወለች፣ ደስታዋ ልክ የለውም። "አባባ ወንድሞቼን ሰብስበው 'አደብ ከደሴ ሽማግሌዎች ተማሩ' እያሏቸው ነው። ለኒካሁም ወንበር አንከራይም፣ የኛም ሰው እንደነሱ ቆሞ ይዋል ብለዋል!"

እስቲ ምከሩኝ፦ እውነቱን ልናገርና ልጅቷን ልጣ፣ ወይስ ያ ሁሉ ሰው ይቁም?