አያ ጀይላን ትራክተሩን ሰላም አሉት

«እንዴት ነህ?» ብሎ የሚያልፍ ሰው ማንንም አይጎዳም፤ ቆሞ መልሱን የሚጠብቅ ግን ያስፈራል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። እጅዎን ከያዘ አይለቅም። ሚስትዎን፣ ልጅዎን፣ ላምዎን፣ ጥጃዋን፣ የአማትዎን ዓይን፣ የጎረቤትዎን ጉልበት አንድ በአንድ ጠይቆ፣ ጨረሰ ብለው እፎይ ሲሉ፣ «ታዲያ አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለከሚሴ የደረሷት ክቡር አያ ጀይላን ናቸው። ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እሳቸው ግን ለጁምዓ ሰላት ከቁርስ በኋላ ነው የሚነሡት። አንድ ቀን የባጃጅ ሾፌር ሰላም ሲሉ ተሳፋሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው በእግራቸው ሄደዋል። አራስ ሊጠይቁ ገብተው ሲወጡ ሕፃኑ ድክ ድክ ይል ነበርም ይባላል። ይህኛው ሳይጋነን አይቀርም።

መካኒኩ እንየው ደግሞ ጥድፊያ የሚወድ ሰው ነው። አያ ጀይላንን ከሩቅ ካያቸው የሚጠግነው መኪና ሥር ይገባል። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው ጎንበስ ብለው የጫማውን ሶል ሰላም ይላሉ።

«እንየው፣ አካም ቡልቴ? ነጋ? እናትህስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት፣ ደህና ናት» ይላል ከሥር፣ ቁልፉን እያንኳኳ።

በዚህ ሰኔ ግን መደበቂያ የሌለበት ሥራ ገጠመው። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ወይዘሮ ሱዓድ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ባለቤታቸው አቡበከር ከሞቱ ወዲህ ቀዩ ትራክተራቸው ግራር ሥር ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ወንበሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች፤ የጭስ ማውጫው ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቷል። የሟች ወንድም ቶፊቅ «ይህ እኮ ቆርቆሮ ነው» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት የብረት ገዢ መኪና እንዲመጣ ቀጥሯል። ሱዓድም ተሟግተው ተሟግተው ቃል ሰጡ፤ ቅዳሜ ሳይደርስ ከተነሣ ይቀራል፣ ካልተነሣ ይሄዳል።

«አብሽሩ እትዬ ሱዓድ፣ ሁለት ቀን ይበቃኛል» አለ እንየው።

ሦስት ቀን ፈጀ። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ወደ ቅርጫት አዛወረ፣ ተርቡን አባረረ፣ የናፍጣ ጋኑን አጠበ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየረ፣ አዲስ ባትሪ አሰረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ናፍጣ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ ቢያስዞር የናፍጣ ጠብታ የለም። አርብ ከሰዓት በኋላ እጁን በጨርቅ ጠረገና ፍርዱን ሰጠ።

«የናፍጣ ፓምፑ ሞቷል። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ደግሞ ዛሬ ከየትም አይመጣም።»

«አልሐምዱሊላህ። አንተማ ለፋህ» አሉ ሱዓድ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ይህን ጊዜ ክቡርነታቸው ከጁምዓ ሰላት መልስ ብቅ አሉ። በወጣትነታቸው የትራክተር ሾፌር ነበሩና ቀዩን ሳልሰናበተው አይሄድም ብለው ነው። እንየው ዙሪያውን አየ። ትራክተር እንደ መኪና አይደለም፤ ሥሩ ሰው አይሸሽግም። እጁን ሰጠ።

ሱዓድ ተጠየቁ። ልጆቻቸው በየስማቸው ተጠየቁ። ላሟም፣ ቅርጫት ውስጥ ያለችው ዶሮም አልቀሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጀይላን ወደ ትራክተሩ ዞረው መዳፋቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ።

«እንዴት ከረምክ? ውሃ አለህ?» ክዳኑን ከፍተው አዩ። «ዘይትህስ?» መለኪያውን መዝዘው አዩ። «ቺንጋህ አልላላም?» ቀበቶውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ፊልትሮውን ጠየቁ። ፓምፑን ጠየቁ። ከፓምፑ ጎን የምትወጣ አንዲት የዛገች ሽቦ ነበረች። እሷንም ሳይዘሏት በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ሾፌሩ ወንበር ሥር ደረሱና የዶሮዋን ጭድ ገለጥ አደረጉ። መያዣው ተሰብሮ ወድቋል፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ እንደወጣ ቀርቷል።

«አንተስ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የቀረኸው?» አሉት ሽቦውን። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ ማጥፊያው ነው እንየው። ናፍጣውን የሚዘጋው እሱ ነው። ለማጥፋት ይሳባል፣ ለማስነሣት ይመለሳል። አቡበከር እንደሳበው ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ የጠየቀው የለም» አሉ።

የእንየው ጆሮ ጋለ። ሦስት ቀን ሙሉ ትልልቆቹን ሲመረምር ይህችን ሽቦ ዞር ብሎ አላያትም።

ናፍጣ አፍስሰው ዝገቱን አላቀቁት፤ በቀስታ ገፉት፤ ገባ። እንየው ቱቦውን ፈትቶ ቢያስዞር ናፍጣው ፊቱ ላይ ተረጨ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር ፊቱን ነክቶት አያውቅም። አየሩን አስወጣ፣ ቱቦውን አሠረና እንደገና አስዞረ። ሞተሩ አንዴ አሳለው፣ ሁለቴ አሳለው፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ያዘ። ሱዓድ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ይህን ድምፅ በር ላይ ሆኜ ነበር የምጠብቀው» አሉ። ደስታና ናፍቆት አንድ ላይ መጥቶባቸው አለቀሱ።

አያ ጀይላን ግን ያቋረጡት ሰላምታ ነበራቸው።

«እንየው፣ እናትህስ ደህና ናቸው?»

«ደህ...» አለና ዓይኑ ሽቦዋ ላይ አረፈ። ከፋሲካ ወዲህ አልደወለም። «እንጃ አያ። እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኋትም።»

«ታዲያ አሁን ጠይቃቸዋ።»

ደወለ። እናቱ እማማ ማንአልሞሽ መንዝ ናቸው። ስልኩን ሲያነሡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ነበር። ምንም እንዳልሆነ ለማስረዳት ሲደናበር አያ ጀይላን ስልኩን ተቀበሉት። ጥርሳቸውን ጠየቁ፣ አጥራቸውን ጠየቁ፣ በጎቻቸውን መጠየቅ እንደጀመሩ የስልኩ ባትሪ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት የብረት ገዢው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ትራክተሩ ማሳ ላይ ነበር፤ የሚነዳውም ከቶፊቅ በቀር ማን ይሆናል፣ ቆርቆሮ ያለውን ረስቶ። የእንየው ስልክም ጠራ።

«እማዬ፣ እንዴት...»

«ቆይ አንተ፣ ሰውዬውን አገናኘኝ። የታመመችው በግ ላይ እንዳለን ነው የተቋረጠው።»

ከዚያ ወዲህ እንየው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ስልኩን ይዞ ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ አያ ጀይላንን ሲፈልግ ይታያል። ሲያገኛቸውም እሱን ጠይቀው ሳይጨርሱ ስልኩን አይቀበሉትም። እናቱ በመስመር ላይ ይጠብቃሉ፤ እሱም እጁን ሰጥቶ ይቆማል።