ካርታውን ሳያይ የሚጨምር ሰው

አንዳንድ ሰው ከእናቱ ሆድ «ጨምሬያለሁ» እያለ የወጣ ይመስላል። ታውቁታላችሁ። ከጎባ ወደ ሮቤ ስትመጡ ከፊት የሚመጣው መኪና ሳይታየው የሚቀድመው የሚኒባስ ሹፌር እሱ ነው። ለሠርግ መዋጮ ሲጠየቅ ማንም አፉን ሳይከፍት ትልቁን ቁጥር ጠርቶ ቤቱን ሙሉ ላብ በላብ የሚያደርገውም እሱ ነው፤ በኋላ ሰብሳቢው ደጁን ሲጠና ይከርማል። ስብሰባ ላይ አጀንዳው ሳይነበብ እጁን የሚያወጣው ማን ይመስላችኋል?

እኔ ደግሞ ቆጥሬ የማድር ሰው ነኝ። ሮቤ ስገባ ሀብቴ አንድ ካርቶን ሚስማር ነበር። ዛሬ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ሚስማሩን ግን አሁንም በቁጥር ነው የምሸጠው። ባለቤቴ አስካለ ሰው ሁሉ በኪሎ ከጀመረ እንደቆየ ትነግረኛለች። ትንገረኝ። ሚዛን ይዋሻል።

ስለዚህ እንዲያ ያለውን ደፋር በፖከር እንዴት እንደሚረቱት ከእኔ ብትሰሙ አይከፋም። ጨዋታውን ያስተማሩን ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አሰፋ ናቸው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ የማይረባውን ትቀይራላችሁ፤ ከዚያ በየተራ መጨመር ነው። የፈራ ይጥላል፣ የደፈረ ገልጦ ያሳያል። የምንጫወተው በባቄላ ስለሆነ ቁማር አይደለም ብለን ተስማምተናል። ሼኩም ቄሱም አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርናቸውም።

እንግዲህ ሳያይ የሚጨምርን ሰው ለማስፈራራት አትሞክሩ፤ የሚፈራ ቢሆን መጀመሪያ ያይ ነበር። በእልህም አትከተሉት። መጥፎ ካርታ ሲመጣ ጣሉ፤ መካከለኛው ሲመጣም ጣሉ፤ ሰው «ፈሪ» ሲላችሁ ሻይ ጠጡ። ጥሩው ሲመጣ ደግሞ እንዳትጨምሩ። አንገታችሁን እከኩ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ የታመመ ዘመድ ትዝ ያላችሁ ምሰሉ። ጭማሪውን እሱ ራሱ ተሸክሞ ያመጣላችኋል።

ይህን ሁሉ የሞከርኩት በከማል ላይ ነው። ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ የስንዴ ማሳዎቻችን ይዋሰናሉ። የእሱ ቤት እዚያው ማሳው ጫፍ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከሱቄ ሳልነሳ በስልክ የማርስ ገበሬ ነኝ። ዘንድሮ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር ሹፌር፣ «ለሁለታችሁ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ማን እንደሚቀድም ተስማሙ» ብሎ ደወለልን። ከሳነቴ ተራራ በኩል ደመና ሲሰባሰብ ሰንብቷል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው እዚያው ዛላው ላይ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ዱቄት ፋብሪካ ደጁን አያስረግጠውም። የቀደመ ደረቁን ያስገባል፤ የተከተለ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ከማልን ዕጣ እንጣል አልኩት።

«ኧረ ማሎ ጋሼ! ዕጣ እኮ የሰነፍ ነው። እርስዎን የመሰለ ሒሳብ አዋቂ በዕጣ ሲያምን እኔ አፍራለሁ። በካርታ ይሁን።»

ደስ አለኝ። ሙገሳ ሲመጣ መቁጠር እንደምተው ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ሱቄ ጓሮ፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥን። ለእያንዳንዳችን አንድ ኩባያ ባቄላ፤ ያለቀበት ተራውን ይለቃል። መምህር አሰፋ አደሉ። ከማል ካርታውን እንደተደፋ ትቶ «ጨምሬያለሁ» አለ።

«እየው እንጂ አንተ ሰውዬ!» አሉ መምህር።

«ባየው ይለወጣል እንዴ መምህር?»

ጣልኩ። እንደገና ጨመረ፤ እንደገና ጣልኩ። ኩባያዬ ሲጎድል የእሱ ጢም ብሎ ሞላ።

«ጋሼ፣ ባቄላዋን አይሳሱላት፤ አልተቀቀለችም እኮ።»

ሻይ ጠጣሁ። ጠጣሁና ሦስት ንጉሥ መጣልኝ። አንገቴን አከክሁ፤ በረጅሙ ተነፈስኩ። ጨመረ፤ እያመነታሁ ተከተልኩት። አሁንም ጨመረ። ስንገልጥ እሱ እጅ ላይ አንድም የሚገጥም ካርታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ኩባያውን ባዶ አስቀረሁበት።

«ወላሂ፣ በልተውኛል» አለና እየሳቀ ተነሣ። «ተራው የእርስዎ ነው፤ ሐላል ይሁንልዎ።»

የተሸነፈ ሰው እንዲያ ሲስቅ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። ጠባዩ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ማሳዬ ደረስኩ። ወደ ማሳዬ መግቢያ የነበረችው የቦይ መሻገሪያ የለችም። ቱቦዋ ተሰብሮ ድንጋዩ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። ቦዩን ሰው ዘልሎ ያልፈዋል፤ ኮምባይነር ግን አይዘልም። ኮምባይነሩ ከቦዩ ማዶ የከማል ማሳ ጠርዝ ላይ ቆሟል። በእሱ ማሳ በኩል ካልሆነ ወደ እኔ መግቢያ የለውም።

«መቼ ፈረሰች?» አልኩት ከማልን።

«ትራክተር ከሰበራት ከረመ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ቢሆን ይጫወቱ ነበር?»

ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀ። ከማል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የጋሼ ነው። ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። እኔ መንገድ ብቻ ነው የማስጠርግላቸው።»

መንገዱ የራሱ ማሳ ነው። ሙሉው ማሳ።

አንድ መስመር ብቻ ቆርጦ እንዲያልፍልኝ ለመንኩ። ሹፌሩ አሻፈረኝ አለ፤ የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ የሁለት ሰው ስንዴ በአንድ ገንዳ አይቀላቅልም፤ የጀመረውን ይጨርሳል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው።

ዝናቡ የደረሰው የእኔ ማሳ ገና ግማሹ ሲታጨድ ነው።

ስልቴ ግን ትክክል ነው፤ ዛሬም እቆምለታለሁ። አሸንፌያለሁ፣ መምህር አሰፋ ምስክር ናቸው። ብቻ ሳያይ የሚጨምር ሰው ከገጠማችሁ፣ ካርታ ከመታደሉ በፊት ቢሸነፍ ምን እንደሚቀርበት አጣሩ።

እርጥቡን ስንዴ ሮቤ አምጥቼ ሳሎኔ ወለል ላይ ዘረጋሁት። ሌላ ደረቅ ቦታ አልነበረኝም። አስካለ ከገበያ ስትመለስ ሶፋዋን በረንዳ ላይ አገኘችው። በሩ ላይ ቆማ፣ ተንበርክኬ ስንዴ ሳገላብጥ ጥቂት አየችኝ።

«ማን አሸነፈ ነው ያልከኝ?»

«እኔ።»

«የተሸነፈው ሰውዬ ሶፋስ የት ነው ያለው?»