የቱን ድሪል ልግዛ?

[ወጥ ቤት። ያልተሰቀለ የእንጨት መደርደሪያ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሳህኖች ወለሉ ላይ ተቆልለዋል። «ሊቁ» የሚሉት የሚስት ወንድም ሦስት ባለባትሪ የግድግዳ መብሻ ድሪሎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። ባል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል።]

ሊቁ፦ ድሪል በቀለሙ አይመረጥም አልኩህ እኮ!

ባል፦ አረንጓዴው ግን ደስ ይላል።

ሊቁ፦ ሸሚዝ ነው የምትገዛው? ለኮንክሪት የሚታየው ጉልበት ነው። ቮልቱ፣ ምቱ፣ ባትሪው።

ባል፦ እኔ ምን አውቄ። እህትህ ዛሬ ከመንገድ ትመለሳለች። ሳህኖቹን መሬት ላይ ካገኘቻቸው እኔንም እዚያው አጠገባቸው ነው የምታስተኛኝ።

ሊቁ፦ ቢሆንም፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ይሄ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ለእንጨት እንጂ ለኮንክሪት አይሆንም።

ባል፦ በምን ይታወቃል?

ሊቁ፦ በምን ይታወቃል ይለኛል! [የድሪሉን መብሻ ብረት፣ ፑንታውን ይገጥማል] የት ልሞክርልህ?

ባል፦ እንጃ... እቺ ጥቁር ነጥብ ላይ?

ሊቁ፦ ምንድን ናት?

ባል፦ ዝንብ ያቆሸሸችው ይሆናል።

[ሊቁ ይበሳል። ላብ ያጠምቀዋል። ከብዙ ትግል በኋላ ቀዳዳው ይገኛል።]

ሊቁ፦ ሲያቃስት ሰማህ?

ባል፦ እሱ ነው አንተ ነህ ያቃሰትከው?

ሊቁ፦ እሱ ነዋ! አሁን ደግሞ አሥራ ስምንቱን እይ። [ሌላ ነጥብ ላይ ይበሳል] ሳትተነፍስ ገባ።

ባል፦ እዚያ ጋ ግድግዳው ለስልሶ እንዳይሆን።

ሊቁ፦ ኮንክሪት የት አገር ነው የሚለሰልሰው?

ባል፦ ታች ሌላ ዝንብ አቆሽሻለች። እዚያ ብትሞክረው...

[ይበሳል።]

ሊቁ፦ አመንክ?

ባል፦ አመንኩ። ግን ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ሲበሳም ጉልበቱ ያው ነው?

ሊቁ፦ እህቴ ምን አይታ አገባችህ? ወንበር አምጣ። [ወጥቶ ሁለት ነጥብ ይበሳል] ያው ነው!

ባል፦ አቧራው ዓይንህ ውስጥ ገባ መሰለኝ።

ሊቁ፦ ተወው። ይሄ ትልቁ ግን አውሬ ነው። ፑንታው ሲይዝ እጅ ይጠመዝዛል፤ አንተ አትችለውም።

ባል፦ አንተስ ትችለዋለህ?

[ሊቁ በቁጣ ሌላ ነጥብ ላይ ይበሳል። ክንዱ ይጠመዘዛል፤ በሌላው እጁ ያሸዋል።]

ሊቁ፦ በቃ፣ ፈርጃለሁ። አሥራ ስምንቱን ግዛ፣ ሁለት ባትሪ ያለውን።

[ባል ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየነካ ስድስት ይቆጥራል። ከኪሱ ስድስት ብሎን ያወጣል። መደርደሪያውን አንስቶ ያስጠጋል፤ ልክክ ይላል።]

ሊቁ፦ ዝንቦቹ...

ባል፦ በእርሳስ የሳልኳቸው ናቸው።

ሊቁ፦ ድሪሉንስ አትገዛም?

ባል፦ ቀዳዳው ካለቀ ምን ያደርግልኛል? ሦስት ወር ሙሉ «መጥተህ ብሳልኝ» ስልህ «ወገቤን አመመኝ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ» አልከኝ። ዛሬ ጠዋት «ምከረኝ» ብዬ ብደውል ፊትህን ሳትታጠብ ሦስቱንም ተሸክመህ መጣህ።

[ሊቁ ድሪሎቹን ሰብስቦ ወደ በሩ ያመራል።]

ባል፦ አማቼ፣ የሳሎኑን ጣሪያ ለመቀባት ብሩሽ ይሻላል አሉኝ። እውነት ነው?

[ሊቁ የበሩን እጀታ እንደያዘ ይቆማል። ከራሱ ጋር ይታገላል። አልቻለም።]

ሊቁ፦ ጣሪያ በብሩሽ? የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያለህ? ነገ በጠዋት የቀለም ሮለሮቼን ይዤ እመጣለሁ።